እናቷ የሰማችው ድርሰት

በአማርኛ መምህርነት ባሳለፍኳቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ከሁሉም ይልቅ የበዛብኝ ስለ እናት የተጻፈ ወረቀት ነው። «የፈለጋችሁትን ርዕስ ምረጡ» ያልኩ ቀን የክፍሉ ግማሽ እናቱን ይዞ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ቁም ሣጥኔን ባዶ አድርጌ ማስረከብ ስለነበረብኝ፣ ለዓመታት ያስቀመጥኳቸውን የተማሪዎች ድርሰቶች በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ክረምቱን ሳገላብጣቸው ከረምኩ። በብዙዎቹ ፈገግ አልኩ፤ አንዳንዶቹን ማን እንደጻፋቸው እንኳ ረስቻለሁ። አንዷን ድርሰት ግን አልፈለግኳትም፤ እዚያ እንደሌለች አውቃለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ለተማሪዎቼ «ቲቸር ጥሩ» ነኝ። አምባሰል ተወልጄ መጀመሪያ ከውጫሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ውጫሌ ከተማ፣ በመጨረሻም ሐይቅ አስተምሬአለሁ። የመምህር ደሞዝ እንደምታውቁት ነው፤ ሮስተር መሙላቱንም ያለፈበት ያውቀዋል። እነሱን ልዝለላቸው።

ገጠር ሳለሁ ተማሪዎቼ እናታቸውን ሻማ፣ ፀሐይ፣ ማርና ወተት እያደረጉ ይጽፉልኝ ነበር። እኔም እንዲያ ተምሬ ስለመጣሁ ደስ ብሎኝ ዘጠኝና አሥር እሰጥ ነበር። ከዚህ እንቅልፍ የቀሰቀሱኝ ውጫሌ ያገኘኋቸው ጋሽ ይመር ናቸው።

ጋሽ ይመር የአማርኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ቀይ እስክርቢቶ ይዘው አይቻቸው አላውቅም፤ የሚያርሙት በእርሳስ ነው። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት መልስ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጡና እያንዳንዱን ወረቀት ድምፅ አውጥተው ያነቡታል። «ዓይን ቸኩሎ ያልፋል፤ ጆሮ ግን አይታለልም» ይሉኝ ነበር። ከጥቁር ሰሌዳቸው በቀኝ ጥግ ሁልጊዜ የማይጠፋ ሳጥን አለ፤ «ዕረፍት የወጡ ቃላት» የሚል። እዚያ የተጻፈ ቃል እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በድርሰት ውስጥ አይገባም። ሻማ ሁልጊዜ ዕረፍት ላይ ነበር።

በደረስኩ ሳምንት አሥር ከአሥር የሰጠሁትን ድርሰት በኩራት አሳየኋቸው። የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡትና አጠፍ አድርገው ያዙት።

«የዚችን ልጅ እናት ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃትም።»

«አሁን ካነበብሽ በኋላስ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

«እኔም አላወቅኋት» አሉ። «ሻማን ግን ድሮም አውቀዋለሁ።»

ከዚያ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ምን ስታደርግ አየሻት?» ብለው ጻፉና ለልጅቷ መልሼ እንድሰጣት ነገሩኝ። ልጅቷ አኩርፋ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን ያመጣችው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። እናቷ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ለረዥም ጊዜ ቆማ ዝም እንደምትል፣ ከዚያ ፊቷን በእጇ አብሳ እየሳቀች እንደምትገባ ትናገራለች። ጋሽ ይመር አንብበው ሲጨርሱ «አሁን መጣች» አሉ። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ጠይቄ አወቅኩ፤ በገበያው መንገድ ስታልፍ ባየኋት ቁጥርም ሰላምታዬ ሌላ ሆነ።

ያቺ ጥያቄ የሥራዬ መሣሪያ ሆነች። ልቦለድና ግጥም ሳነብም ይዣት ነው የማነበው። ጋሽ ይመር ደሴ ሄደው አዲስ መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ ተራ በተራ እናነበውና እንከራከርበታለን። እሳቸው ደብተር ይዘው በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው እናት ስንት ጊዜ እንደተናገረች ይመዘግባሉ። «ልጁ እንዲያዝን ብቻ በሦስተኛው ምዕራፍ ገደሏት» እያሉ ያዝናሉ። አንዳንዱ ደራሲ እናትን አገር ያደርጋታል፤ አንዳንዱ ጸሎት ብቻ ያስደርጋታል። ግጥሞቹ ደግሞ ይበልጥ ያበሽቋቸው ነበር። «ሁሉም ‹እናቴ ሆይ› ይላል» አሉኝ አንድ ቀን። «ሴትዮዋስ? ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ቃል እንኳ አትመልስም?»

ከጊዜ በኋላ ወጣት ሴቶች የጻፏቸው መጻሕፍት መምጣት ጀመሩ። እዚያ ውስጥ የሚደክማት፣ የምትቆጣ፣ ልጇን ትታ የምትሄድ እናት አገኘን። ይቅር የማትል ልጅም አገኘን። ጋሽ ይመር ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን አንብበው ሲመልሱልኝ፣ «ይቺ እውነተኛ ሰው ናት። አልወደድኳትም፤ ግን ሰው ናት» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተማሪ ጽሑፍ በሰልፍ ላይ ወይም በበዓል ቀን ከመነበቡ በፊት ጸሐፊውን ወደ በሩ ይወስዱትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ይህን ማን ይሰማዋል?» ብለው ይጠይቁታል። በጽሑፉ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ካለ፣ ልጁ መጀመሪያ ሄዶ ለዚያ ሰው ማንበብ አለበት። ካልሆነም ጽሑፉ መሳቢያቸው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጥሩ ነገር እዚያ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። እኔ ይህንን የሽማግሌ ፍርሃት አድርጌ ነበር የማየው። ከሁለቱ ጥያቄዎቻቸው የመጀመሪያውን ወርሼ ሁለተኛውን ውጫሌ ትቼው ወደ ሐይቅ ተዛወርኩ።

ሐይቅ የሥነ ጽሑፍ ክበቡን ተረከብኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እንሰበሰባለን። ስልክ እየተስፋፋ ሲመጣ ተማሪዎች ከዚያ እየገለበጡ የሚያመጡት የእናት ግጥም ቢበዛም፣ ቀስ በቀስ የራሳቸውን መጻፍ ይለምዳሉ። ሀያት ወደ ክበቡ የመጣችው አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። ቤቷ በአርዲቦ በኩል ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ያሳደገቻት አክስቷ ዘይነባ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ወላጅ አምጡ ሲባል የምትመጣው እሷ ናት፤ ሀያትም «እማ» የምትለው እሷን ነው። ወላጅ እናቷ ከድጃ ሀያት አምስት ዓመት ሲሆናት ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመልሳለች። እዚህ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ቤት ብዙ ነው።

አንድ ሐሙስ ሀያት አራት ገጽ ሰጠችኝ። ርዕሱ «እንግዳ» ይላል። የማልረሳውን ልጻፍላችሁ፤

«ሻንጣዋን ከፍታ ሽቶ አወጣች። ከሽቶው ሥር አንድ ቀሚስ አወጣች። ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወደ ደረቴ አስጠግታ ለካችውና እጇ ቆመ። ‹ያምራል፤ አላህ ይስጥዎ› አልኳት። ‹አንቱ አትበይኝ› አለች። ሌላ ምን እንደምላት ስለማላውቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ሳልጠራ ማናገር ለመድኩ።»

አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሃያ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን አገኘሁ ብዬ አመንኩ። ማር የለ፣ ሻማ የለ። የወላጆች ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና፣ «ይህን አንቺ ራስሽ ታነቢዋለሽ» አልኳት።

ሀያት መሬት መሬት እያየች፣ «ቲቸር፣ ይቅር» አለች።

«ለምን? እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል?»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያንብበው። ስሜም አይጠራ።»

ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ጋሽ ይመር ቢሆኑ ያን ጊዜ ወደ በሩ ይወስዷት ነበር። እኔ ግን «አብሽሪ፣ አትስጊ፣ እኔ አነበዋለሁ» ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በወላጆች ቀን ግቢው ሞላ። ልጆቹ በክራር የአምባሰልን ቅኝት ተጫወቱ፤ የሳይንስ ክበቡም ሥራውን አሳየ፤ ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። «አንዲት ተማሪያችን የጻፈችው አጭር ልቦለድ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ቀሚሱ ጋ ስደርስ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ይህ የጽሑፉ ኃይል ነው ብዬ ድምፄን ይበልጥ አሳመርኩ። ቀና ስል ግን ሰዎቹ የሚያዩት እኔን አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከዘይነባ አጠገብ የተቀመጠችን አንዲት ሴት ዞረው ያያሉ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቀሚሱን ያውቀዋል፤ ሻንጣው የተከፈተው ጎረቤት በተሰበሰበበት ነበር። ከድጃ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። ሂጃቧን አስተካክላ ተነሳች፤ ሰው ላለመረበሽ ጎንበስ ብላ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ወጣች።

እኔ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማን እንደሆነች ገብቶኛል፤ ሁለት አንቀጽ ቀርቶኛል፤ አነበብኳቸው። ጭብጨባው ሲያባራ ሀያትን ፈለግኳት፤ አልነበረችም። ያስቀመጥኩትን ወረቀትም ከጠረጴዛዬ ላይ አጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ሀያት ክበቡን ተወች። ክፍል ትገባለች፣ ፈተና ትፈተናለች፤ ድርሰት ጻፉ ሲባል ግን ስሟንና ቁጥሯን ብቻ ጽፋ ታስረክባለች። ወረቀቱ ላይ ዜሮ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሌላም ነገር መጻፍ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ዘይነባ ወንበር አቀረበችልኝና ወጣች። ከድጃ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታውን ምን ላድርገው? አገር ሰምቶታል። ልጄ አልወደደችኝም፤ ይሁን፣ ቤቴ ውስጥ ነበር። እርስዎ አደባባይ አወጡት» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። በመልሱ መንገድ ከባጃጅ ወርጄ ረዥሙን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ጋሽ ይመር ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ደውዬ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ሴትዮዋ እስካሁን አልተናገረችም ማለት ነው» ብቻ አሉኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዬን መጻሕፍት ስደረድር ከድጃ በሩ ላይ ቆመች።

«የሷን አነበቡላት» አለች። «የኔን ማን ይጽፍልኛል?»

እሷ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዐረብኛው በአፏ ነው፤ እጇ ብዙ መጻፍ አይችልም። ወንበር ሳብኩላትና «እኔ እጽፍልዎታለሁ» አልኳት።

«አንቺ በይኝ እባክሽ። አንቱታ በቅቶኛል» አለች።

ሦስት ሐሙስ መጣች። የሰው ልጅ ሲናገር ቃል ሳይጨምሩ መጻፍ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። የተማርኩት ማሳመር ነው፤ እጄ ሳላዝዘው ያሳምራል። ቀሚሱን በየዓመቱ ትተኩሰው እንደነበር ስትነግረኝ «ዕንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ» ብዬ ጽፌ መልሼ ሳነብላት ዓይኗን አፈጠጠች።

«ይሄን ማን አለ?»

«አላለቀስሽም እንዴ?»

«ወላሂ አላለቀስኩም። ካውያ ይዤ ነበር እኮ! ቀሚሱን ላቃጥለው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሰረዝኩትና እንዳለችው ጻፍኩ፤

«የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል አሠሪዬ ገበያ ይዛኝ ሄደች። ቀሚሱን የገዛሁት ያን ቀን ነው። ሳቅፋት የት እንደምትደርስ ስለማውቅ በክንዴ ለካሁት። ሰው ሲመጣ ልልክላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተከለከልኩ፤ ሳልክላት ቀረሁ። በየዓመቱ አውጥቼ ተኩሼ እመልሰዋለሁ። እንደማይሆናት አውቃለሁ። ሌላ መግዛት ስችል ሌላ ገዛሁ፤ እሱን ግን ለሰው መስጠት አልቻልኩም።»

ሀያት እናቷ የልጇን ዕድሜ የረሳች መስሏት ነበር። እኔም፣ ጽሑፉን በፍቅር ያነበብኩት፣ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሐሙስ ስለተለያዩበት ቀን ነገረችኝ። «የሄድኩ ጧት ሀያት ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም። ብቀሰቅሳት አልሄድም ነበር።» ከዚህ በኋላ አልቀጠለችም። ስድስት ገጹን ሰብስቤ፣ «ይህን ማን እንዲሰማው ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያን ጥያቄ የጠየቅኩት።

«እሷ ብቻ» አለች።

በማግስቱ ሀያትን ጠርቼ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ከማን እንደሆነም ነገርኳት። አልተቀመጠችም። በመስኮቱ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ቀሚሱ ያለበት ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ስትጨርስ ዓይኗ ደርቋል፤ ድምፅዋ ግን ተለውጧል።

«አንድ ቦታ ተሳስታለች።»

«የቱ ጋ?»

«ተኝታ ነበር ትላለች። አልተኛሁም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ለምን?»

«የተኛ ልጅ ጥላ አትሄድም ብዬ።»

ሀያት እርሳስ አነሳችና «ላርመው?» አለችኝ። ልጁን ሁሉ «አርሙ» እያልኩ ያረጀሁ ሴት፣ «ይህን እኔ ልፈቅድልሽ አልችልም፤ ሄደሽ እሷን ጠይቂ» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከዘይነባ ነው። ሁለቱ በር ዘግተው መቀመጣቸውን፣ መጨቃጨቃቸውን፣ ከዚያም ከድጃ ድምፅ አውጥታ ማልቀሷን ነገረችኝ። «ልግባ አልግባ እያልኩ በሩ ላይ ተንቆራጠጥኩ» አለች። «እኔም አሳዳጊ ነኝ፤ እኔም ተከፍቼ ነበር።» የዘይነባን መከፋት ማንም አልጻፈውም፤ በኋላ ሁለቱ እየተራረሙ አብረው መጻፍ ሲጀምሩ ግን ደብተሩን ገዝታ የሰጠቻቸው እሷ ናት።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ሀያት ለሳምንታት ያኮረፈችበት ጊዜ ነበር። ክበቡም አልተመለሰችም። በዓመቱ ግን ሐይቅ ባጃጅ ተራ ላይ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ «ኧረ ፍጠኚ፣ ሞላ እኮ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ሀያት ናት፤ ዘንቢል ይዛ የምትከተላት ከድጃ ናት። ሰላም ብለውኝ ተሳፈሩ።

ዛሬ ሀያት ደሴ ትማራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። እኔ ጡረታ ልወጣ ስል የክበቡ ልጆች የዓመታት ሥራችንን መርጠው በአንድ ጥራዝ ሊያሳትሙ ተነሱ፤ የእናት ክፍል እንዲኖረውም ፈለጉ። የማን ጽሑፍ እንደጎደለው አውቃለሁ። ሀያት በመጣችበት አንድ እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ሦስቱም ነበሩ። ስድስቱ ገጽ ወፍራም ደብተር ሆኗል፤ አንዱ ገጽ በከድጃ ጎርባጣ ፊደል፣ አንዱ በሀያት የተጻፈ፣ በየጠርዙም ስርዝ ድልዝ የበዛበት መሆኑን ከሩቅ አየሁ።

«ማንበብ እችላለሁ?» አልኩ። «ከፈቀዳችሁ ደግሞ ለጥራዙ…»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«አይሆንም፣ ቲቸር» አለች ሀያት። ቁጣ የለበትም።

«እሺ» አልኩ። ለማለት ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ይህንን ትዝታ ልጽፍ ሳስብም እዚያው ሄጄ አስፈቅጃለሁ። ከላይ ያሰፈርኳቸውን መስመሮች አንድ በአንድ አንብቤላቸዋለሁ፤ እዚህ የተጠሩበትን ስምም የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ከድጃ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ «እኛ ያደረግነውን አታሳምሪ። አንቺ ያደረግሽውን ደግሞ አትደብቂ።»

ያን ቀን ስነሳ ዘይነባ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ከውስጥ ደብተሩ ሲገለጥ ይሰማል። «እዚህ ጋ እንዲህ አልነበረም» ትላለች ሀያት። «እንዴት ነበር ታዲያ?» ትላለች እናቷ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ እናትና ልጅ የተጻፈ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝና ቆሜ ማዳመጥ በጣም አማረኝ።

አልቆምኩም።